አተላው የት ሄደ? ነስካፌ ምን እንደሆነና የት አገር ለምን እንደሚጠጣ

ክረምት ላይ፣ ጠዋት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲውጠው ደሴ ውስጥ ሰው የሚያስበው ስለ ትኩስ ነገር ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው። ቸኩዬም ነበር። ሰፈራችን ሱቅ በር ላይ እንደ ዝናር ከተንጠለጠሉት ትንንሽ ፓኬቶች ሁለቱን አስቆርጬ ስመለስ ጎረቤቴ በረንዳቸው ላይ ከሰል ሲያራግቡ አገኘኋቸው። ጀበናው ተጥዷል።

«ምንድነው የያዝከው ልጄ?»

«ነስካፌ ነው እማማ። ሥራ ረፍዶብኝ ነው።»

«እሱ ደሞ ቡና ነው እንዴ? አተላው የታለ?»

ስቄ አለፍኩ። ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። እውነትም አተላው የት ሄደ? ቡና ከሆነ አተላ ይኖረዋል። አተላ ከሌለው ደግሞ ምንድነው?

ጊዜውም ለጥያቄው የተመቸ ነበር። የቡና ዋጋ እዚህም ውጭም አናት ላይ ወጥቶ ነበር። 2025 መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ ለማይሞላው ማለት ነው፣ ከ4 ዶላር አልፎ የድሮውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ብራዚልና ቬትናም በድርቅ መመታታቸው አንዱ ምክንያት ነበር። ቡና ሲወደድ ሰው ወይ ይቀንሳል፣ ወይ ዓይኑን ወደ ፓኬቱ ይጥላል። ስለዚህ ፓኬቱ ውስጥ ያለውን ማወቁ አይከፋም። (እዚህ ጽሑፍ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነስካፌ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ነስካፌ የአንድ ምርት የንግድ ስም ነው። ኔስሌ የሚባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የራሱን ስም ግማሽ ከ«ካፌ» ጋር ገጥሞ ያወጣው ነው። እኛ ግን የታሸገ ውሃን ሁሉ «ሃይላንድ»፣ የልብስ ሳሙና ዱቄትን ሁሉ «ኦሞ»፣ የጥርስ ሳሙናን ሁሉ «ኮልጌት» እንደምንለው፣ ውሃ ላይ ሲጨመር የሚሟሟውን ቡና ሁሉ ማንም ይሥራው ማን «ነስካፌ» እንለዋለን። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ግሪኮችም፣ ቱርኮችም፣ ብዙ ዓረቦችም እንዲሁ ይሉታል። ትክክለኛ ስሙ «ፈጣን ቡና» ወይም «ኢንስታንት ቡና» ነው። እኔ ግን እንደ ሱቁ ቋንቋ ነስካፌ እያልኩ ልቀጥል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ነስካፌ የተፈጨ ቡና አይደለም። የፈላ ቡና ነው። ፈልቶ አልቆ፣ ከዚያ ውሃው የወጣለት።

ድርቆሽን አስቡት። ድርቆሽ ዱቄት አይደለም። ተቦክቶ፣ ተጋግሮ፣ እንጀራ ሆኖ ካለቀ በኋላ የደረቀ ነው። መንገደኛው ወጥ ወይም በርበሬና ውሃ ሲያፈስበት የሚያደርገው እንጀራ መጋገር ሳይሆን የወጣውን ውሃ መመለስ ነው። ጀበና ውስጥ የምንጨምረው ቡና ዱቄቱ ነው። ነስካፌው ድርቆሹ።

ፋብሪካው ውስጥ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያው ላይ ከእማማ ሥራ ብዙም አይለይም። ጥሬው ይቆላል፣ ይፈጫል። ልዩነቱ የሚመጣው ማፍላቱ ላይ ነው። ፋብሪካው የተፈጨውን ቡና በትልልቅ የብረት ጋን ውስጥ ያደርግና በግፊት የታፈነ ውሃ ይለቅበታል። ውሃው የታፈነ ስለሆነ ከ100 ዲግሪ በላይ፣ እስከ 180 ገደማ ድረስ ይግላል። እንዲህ ያለ ውሃ ቡናውን ይጨምቀዋል። ቤት ውስጥ በተለምዶ ስናፈላ ከቡናው ክብደት ወደ ውሃው የሚገባው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ሌላው አተላ ሆኖ ይደፋል። ፋብሪካው ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ያወጣል። ከዚያ የሚተርፈውን አተላ ብዙ ፋብሪካዎች ለማገዶ ያደርጉታል፤ የራሱን ማሽን ያሞቃል። አተላው የት ሄደ ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይኼው ነው። ፋብሪካ ቀርቷል።

አሁን በእጃችን ያለው በጣም ወፍራም ጥቁር ቡና ነው። ውሃውን ማስወጣት ይቀራል። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ርካሹ ነው። ቡናው ከረጅም ግንብ አናት ላይ እንደ ካፊያ ይረጫል። ከ200 ዲግሪ በላይ የጋለ አየር ይነፍስበታል። ጠብታዋ መሬት ሳትደርስ ውሃዋ ይተንና ብናኝ ሆና ትወርዳለች። ደቃቅ ዱቄት የሚመስለው ነስካፌ የዚህ ውጤት ነው። ሙቀቱ ሽታውንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።

ሁለተኛው ውድ ነው። ቡናው ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ ወርዶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ከዚያ ይሰባበራል። አየር ወደተመጠጠበት ክፍል ይገባና በቀስታ ይሞቃል። እዚያ ውስጥ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ እንፋሎት ሆኖ ይጠፋል። ግራ የሚያጋባ ከሆነ ልብስ ሳጥን ውስጥ ለብል የምናስቀምጣትን ነጭ ናፍታሊን አስታውሱ። ሳትቀልጥ፣ ልብስ ሳታርስ፣ እያነሰች እያነሰች ትጠፋለች። በረዶውም እንዲያ ነው የሚሆነው። ቡናው በሙቀት ስላልተንገላታ ጣዕሙ የተሻለ ነው። ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የሚሸጠው፣ ጠጠር ጠጠር የሚለው፣ ወርቃማ ቡኒ መልክ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይኼኛው ነው።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። አዲስ ዕቃ ስትከፍቱ አፍንጫን የሚመታ የቡና ሽታ ቡልቅ ይላል። ሁለተኛ ቀን ስትከፍቱት የለም። ፋብሪካው በሥራው መሐል የሚያመልጠውን ሽታ ይዞ አስቀምጦ መጨረሻ ላይ ይመልስበታል። ያ ሽታ ክዳኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ተሰናባች ነው።

ኬሚካል አለበት ይባላል። እውነት ነው?

ንጹሑ ነስካፌ፣ ማለትም ስኳርም ወተትም ያልገባበት፣ ቡናና ውሃ ነው። ውሃውም ወጥቷል። እንዲሟሟ የሚያደርገው የተለየ መድኃኒት የለም። የሚሟሟው ቀድሞውኑ ውሃ ውስጥ የሟሟው ክፍል ብቻ ተለይቶ ስለደረቀ ነው። የማይሟሟው አተላ ከነጭራሹ አልመጣም።

ሌላው ነገር፣ ይኼ ዱቄት ውሃ ወዳድ ነው። ከአየር ላይ ሳይቀር እርጥበት ይስባል። ደሴ ክረምት ላይ ክዳኑን ሳይገጥሙ ያደሩ፣ ወይም በእርጥብ ማንኪያ የዛቁ፣ በሦስተኛው ቀን አስፋልት ነው የሚያገኙት። ከራሴ ያየሁት ነው። በቢላ ነው የፈለፈልኩት።

«ሦስት በአንድ» የሚባለው ፓኬት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ማን ጀመረው?

ሐሳቡ ከነስካፌ ይቀድማል። ሳቶሪ ካቶ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት 1901 አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የሚሟሟ ቡና አቅርቦ ነበር። ከእሱም በፊት ዴቪድ ስትራንግ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ለተመሳሳይ ሥራ የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። ቀጥሎ ጆርጅ ዋሽንግተን የሚባል ቤልጅግ የተወለደ ሰው (ከፕሬዚዳንቱ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት) አሜሪካ ውስጥ በስፋት ሸጠው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ደንበኛው ሆነ።

ነስካፌ የመጣው ከብራዚል ችግር ነው። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የቡና ዋጋም አብሮ ተንኮታኮተ። ብራዚል መጋዘን ሙሉ ገዥ ያጣ ቡና ታቅፋ ቀረች። ብዙውን አቃጠለችው፤ ባሕርም ውስጥ ደፋችው። ለኔስሌም ጥያቄ ቀረበለት፦ ይኼ ቡና ሳይበላሽ እንዲቀመጥ አንድ መላ አይገኝለትም ወይ? ማክስ ሞርገንታለር የሚባል የኩባንያው ባለሙያ ዓመታት ለፋበት። ሚያዝያ 1 ቀን 1938 ነስካፌ ስዊዘርላንድ ውስጥ ለገበያ ወጣ።

ከዓመት በኋላ ጦርነት ተነሣ። የአሜሪካ ወታደር በስንቁ ውስጥ ይዞት አውሮፓም እስያም ገባ። ወታደር ጀበና አይሸከምም። ብዙ አገሮች ነስካፌን መጀመሪያ ያዩት ከወታደር ኪስ ነው።

ውስጡ ያለው የማን ቡና ነው?

ዓለም በብዛት የሚጠጣው ሁለት ዓይነት ቡና ነው። አረቢካና ሮቡስታ። የእኛ፣ የጅማው፣ የሲዳማው፣ የይርጋጨፌው፣ የሐረሩ፣ ሁሉም አረቢካ ነው። ሮቡስታ ቆላ ይወዳል፣ በሽታን ይቋቋማል፣ ብዙ ያፈራል። መራራና ወፍራም ነው። እንቅልፍ የሚነሳው ካፌይኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ዋጋው ደግሞ ባብዛኛው ከአረቢካ ያንሳል። ከሁሉም በላይ የሮቡስታ ንግሥት ቬትናም ናት፤ በጠቅላላ የቡና ምርትም ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ።

አንድ ኪሎ ነስካፌ ለማግኘት 2.6 ኪሎ ገደማ ጥሬ ቡና ያስፈልጋል። ያን ያህል ጥሬ የሚፈጅ ፋብሪካ ጥሩ አረቢካ ገዝቶ ሽታውን ግንብ ላይ ቢያተን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ርካሹ ነስካፌ አብዛኛውን ጊዜ ሮቡስታ ነው፣ ወይም ሮቡስታ የበዛበት ድብልቅ። «ጣዕሙ የእኛን ቡና አይመስልም» የሚሉ ሰዎች ምላሳቸው አልዋሸም። ከመጀመሪያውም ሌላ ቡና ነው።

ለምን አንዱ አገር ይወደዋል፣ ሌላው ይንቀዋል?

እኔ እንደገባኝ ጣዕም ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ያ አገር ነስካፌው ሲደርስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምን ነበረው የሚለው ነው።

እንግሊዝን እንይ። እንግሊዝ ሻይ ጠጪ ናት። እያንዳንዱ ቤት የውሃ ማፍያ አለ፣ ኩባያ አለ፣ ወተት አለ። የቡና ዕቃ ግን የለም። ነስካፌ ሲመጣ ምንም አዲስ ነገር መግዛት አላስፈለጋቸውም። ሻዩ የነበረበት ቦታ ላይ ዱቄቱን ጨመሩ፣ አለቀ። እስከ ዛሬ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የነስካፌ ዕቃ አይጠፋም። ውጭ ካፌ ሲገቡ ማሽን ያዛሉ፣ ቤት ሲመለሱ ማንኪያ ያነሣሉ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

ጣሊያን ተቃራኒው ናት። ኤስፕሬሶ ማሽን በየጥጉ አለ። ጣሊያኑ ቆሞ በሁለት ጉንጭ ጨልጦ ይሄዳል። ቤቱ ደግሞ ከ1933 ጀምሮ የምትታወቀው ሞካ የምትባል ትንሽ የብረት ማፍያ አለችው። ፈጣን ቡና ቀድሞውኑ ስለነበረው ሌላ ፈጣን ቡና አላስፈለገውም። በነገራችን ላይ እኛ ማኪያቶን የወረስነው ከዚያ ነው። ቃሉ «የተነካካ፣ ነጠብጣብ ያለበት» ማለት ነው፤ ቡናው በወተት ጠብታ ተነካክቷል ለማለት። ደሴ ካፌ ገብታችሁ የምታዙት ግን ወተቱ የተነካካ አይደለም፤ ነግሧል። ጣሊያን ቢያየው ስሙን ይቀይረው ነበር።

አሜሪካ መሐል ላይ ናት። ነስካፌን በጦርነት ለዓለም አዳረሰችና ራሷ ተወችው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚያንጠባጥበው የኤሌክትሪክ ማፍያ በየቤቱና በየቢሮው ገባ። አንድ ጊዜ ተጭኖ አሥር ኩባያ ያወጣል። ፊንላንዶች ደግሞ በነፍስ ወከፍ ከዓለም አንደኛ የቡና ጠጪዎች ተርታ ናቸው። በዓመት ለአንድ ሰው 10 ኪሎ ገደማ። እነሱም የሚጠጡት ለስለስ ብሎ የተቆላ የተጣራ ቡና ነው፤ ነስካፌ ብዙ ቦታ የለውም።

ግሪክ የመጣላት በአጋጣሚ ነው፤ ይኼ ታሪክ ደስ ይለኛል። 1957 ተሰሎንቄ ከተማ የንግድ ትርኢት ነበር። ዲሚትሪስ ቫኮንዲዮስ የሚባል የነስካፌ ሠራተኛ ዕረፍቱ ላይ ቡና አማረው። የፈላ ውሃ ግን አጣ። ነስካፌውን፣ ስኳሩንና ቀዝቃዛ ውሃውን በመበጥበጫ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ናጠው። አረፋ ሆኖ ወጣ። ፍራፔ ተወለደ፤ የግሪክ በጋ መጠጥ ሆነ። ለምን አረፋ ሆነ? ቡና በተፈጥሮው ዘይት አለው፣ ዘይት ደግሞ አረፋን ይገድላል። ያ በግንብ ላይ የተረጨው ርካሹ ደቃቅ ዱቄት ዘይቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ አረፋው ይቆማል። ውዱ ጠጠሩ ለፍራፔ አይሆንም። ርካሹ የሚበልጥበት አንድ ቦታ ይኼ ነው። በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነስካፌ፣ ስኳርና ጥቂት ውሃ እየመታ ወተት ላይ የሚከምረው አረፋም ሥራው ያው ነው። ክንዱ የደከመ ያውቀዋል።

ኮሪያ ጋ ስንደርስ የእኛም እጅ አለበት። ከ1950 እስከ 1953 በነበረው ጦርነት የአሜሪካ ጦር ነስካፌ ከካምፕ እየሾለከ ገበያ ወጣ። የእኛ ቃኘው ሻለቃም እዚያው ነበር። ቹንቾን በምትባለው ከተማ ዘማቾቻችንን የሚያስታውስ ሐውልት አለ። ከዚያው አጠገብ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ የሚሠራ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። አገሩ ግን በብዛት የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው። 1976 ዶንግሱህ የሚባል የኮሪያ ኩባንያ ቡናውን፣ ስኳሩንና ነጩን የወተት ምትክ አንድ ፓኬት ውስጥ ከተተው። ቢሮ ሁሉ ያዘው። የምግብ ቤት በር ላይም እንግዳ ከበላ በኋላ የሚጠጣው እሱ ሆነ። ማንኪያ ከሌለ ባዶው ፓኬት ራሱ ማማሰያ ይሆናል። እኔም ሳላውቅ እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ለካ ኮሪያዊ ነኝ። ዛሬ የኮሪያ ወጣት በክረምትም ጭምር በረዶ ያለበት አሜሪካኖ ነው የሚያዘው። ፓኬቱ የአባቶች መጠጥ እየሆነ ነው።

ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ደግሞ በስሙ ይቀልዳሉ። «ኖ ኤስ ካፌ» ይሉታል። በቋንቋቸው «ቡና አይደለም» ማለት ነው። እማማ ስፓኒሽ ቢችሉ ኖሮ ይኼንኑ ነበር የሚሉኝ።

ቡና አምራች ሆኖ ነስካፌ መጠጣት ምን ይሉታል?

ብዙ አምራች አገር እንዲያ ነው። ጥሩውን ለውጭ ይሸጣል፣ ራሱ ዱቄቱን ይበጠብጣል። ሜክሲኮ ትልቅ ምሳሌ ናት። ጎረቤታችን ኬንያ ስመ ጥር ቡና ታበቅላለች፤ የምትጠጣው ግን በወተት የፈላ ሻይ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከተሞች ነስካፌ በጋሪና በፔርሙዝ መንገድ ላይ ይሸጣል። ምክንያቱ ከቅኝ ግዛት ዘመን ይጀምራል። ቡናው የተተከለው ለመርከብ ነበር እንጂ ለሲኒ አልነበረም።

ከዚህ የወጡት ጥቂቶች ናቸው። ብራዚል አንዷ ናት። እኛ ሁለተኛ። ከምናመርተው ግማሽ ገደማውን ራሳችን እንጠጣዋለን። ይኼ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ያም ሆኖ የእኛም ታሪክ እንከን አለበት። ለውጭ ገበያ ደረጃውን ያሟላ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ጊዜ ሲከለክል ኖሯል። አገሪቱ ዶላር ትፈልጋለች። ስለዚህ ሴቶቻችን ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው የሚያሳምሩት ብዙ ጊዜ ከደረጃው የወደቀውን ነው። የእጅ ሙያው የመጣው ከዚያም ይመስለኛል።

ታዲያ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ማን ይጠጣዋል?

ዞር ዞር ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ፈተና ሲደርስ ዶርም ውስጥ ጀበና አይጣድም፤ ፓኬት ግን ኪስ ውስጥ ይገባል። ኮምቦልቻ ላይ የሌሊት ተረኛ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ከደረቅ ወደቡ ጭኖ ለጅቡቲ የሚነሣው የከባድ መኪና ሾፌር አለ። መናኸሪያ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ፔርሙዝ ይዘው የሚዞሩት ልጆች ሻይም፣ ቡናም፣ ነስካፌም አላቸው። ውሃው አንድ ነው፤ የሚለየው የሚጨመረው።

ከዓረብ አገር የተመለሱም አሉ። ወሎ ውስጥ ሳዑዲ ያልሠራ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እዚያ የዓረቡ ቡና ሌላ ነው። ፍሬው ገርጥቶ ሳይጠቁር ይወርዳል፣ ሄል ይገባበታል (የኮረሪማ ዘመድ ነው)፣ ስኳር የለውም፣ ከተምር ጋር ይጠጣል። ፊንጃኑን ወዝወዝ ካላደረግክ መቅዳታቸውን አያቆሙም። ወጥ ቤት ውስጥ ለሠራተኛዋ የሚደርሳት ግን ብዙ ጊዜ ነስካፌ በወተት ነው፤ አንዲት ዘመዴ እንዳለችኝ፣ ጀበና የሚያስቀምጥ ሰዓት ማን ሰጥቷት! ከተመለሰች ሦስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ብቻዋን ስትሆን አሁንም ነስካፌዋን ትበጠብጣለች። ከሰዓት ሰው ሲመጣ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ እጣን አጭሳ ታፈላለች። ሁለቱ አይጣሉባትም። «አብሽር» አለችኝ፣ «አንዱ ለእንቅልፍ ነው፣ አንዱ ለሰው።»

ለነገሩ እዚህ ላይ ነው አተላው የሚመለሰው። የእኛ ሥርዓት የቆመው አተላው ላይ ነው። አቦሉ ይቀዳል። አተላው ጀበናው ውስጥ ይቀራል። ውሃ ይጨመርበትና ቶና ይሆናል። እንደገና፣ በረካ። ስሞቹ የዓረብኛ ዘር አላቸው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ በረከት። በየዙሩ መሐል ውሃው እስኪፈላ የሚጠበቀው ጊዜ ነው ወሬው የሚወራበት፣ ምርቃቱ የሚወርድበት።

ሦስት በአንዱ ውስጥ ምን አለ?

ከገዛኋቸው ሁለት ፓኬቶች አንዱን አምፖል ሥር አድርጌ ጀርባውን አነበብኩ። ጽሑፏ የጉንዳን እግር ታክላለች። እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ የሚጻፈው ዝርዝር በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ያለው መጀመሪያ። የመጀመሪያው ቃል ስኳር ነበር። ቀጥሎ የወተት ምትክ፣ ማለትም ከአትክልት ዘይትና ከግሉኮስ የሚሠራ ነጭ ዱቄት። ቡናው ከዚያ በኋላ መጣ።

እንዲህ ያሉ ፓኬቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ግማሽ ገደማው ስኳር ነው። ቡናው ከአሥር አንድ እጅ አካባቢ። የሚጣፍጠን ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። በቀን አንዴ ቢጠጣ ምንም አይደል። አራት አምስቴ የሚጠጣ፣ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው፣ የሚቆጥረው ቡና ሳይሆን ስኳር መሆኑን ይወቅ። ንጹሑን ገዝቶ በራስ እጅ ስኳር መለካት ይሻላል።

እንቅልፍ የሚነሳው የቱ ነው?

ብዙ ሰው ነስካፌ ይበረታል ብሎ ያምናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ነስካፌ ያለበት ኩባያ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው። በአንድ ኩባያ የተጣራ ቡና ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ሲኒያችን ትንሽ ናት፤ ሦስት ዙር የጠጣ ግን ከነስካፌው አይተናነስም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም አያሠጋም ይላል። ነስካፌ የሚበረታ የሚመስለን ባዶ ሆድ፣ በችኮላ፣ በትልቅ ኩባያ፣ አንዳንዴም ሁለት ማንኪያ ስለምንጠጣው ነው። የጀበናው ቢያንስ ቆሎ አብሮት አለ።

የከፍታ ነገርም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ክዳን ካልታፈነ አይግልም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ 94 ይጠጋል። ንፍሮ ደሴ ላይ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ለጀበና ግን 92 ይበቃዋል። ነስካፌ ጭራሽ ግድ የለውም፤ ቫኮንዲዮስ በቀዝቃዛ ውሃ አሟሟቶታል። እንዲያውም ዱቄቱ ላይ መጀመሪያ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርጎ አሽቶ ትኩሱን ማፍሰስ ምሬቱን ያለሰልሰዋል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

እንደዚያ አድርጌ ባለፈው እሑድ ለእማማ ወሰድኩላቸው። ጠጠሩን፣ ውዱን፣ ያለ ስኳር፣ በራሳቸው ሲኒ። አሸተቱት። «ሽታውስ ደህና ነው» አሉ። ፉት አሉት። ዝም አሉ። ጨረሱትና ሲኒውን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው ሥሩን አዩ። ንጹሕ ነው።

«አተላው ፋብሪካ ቀርቷል እማማ» አልኳቸው። ስለ ግንቡም፣ ስለ በረዶውም፣ ስለ ድርቆሹም ነገርኳቸው። አዳመጡኝ።

«ገባኝ» አሉ ሲኒውን እየመለሱልኝ። «እና ቶናውን ከምን ልታወጣው ነው?»